ሳን አኮን በልቶ እስኪጠግብ

ኖርማ ላው ለእናቷ የስኳር መርፌዋን ወግታ፣ ሾርባዋን ፊቷ አስቀምጣ ነበር ወደ ዳቦ ጋሪዋ የወጣችው። መርፌ የተወጋ ሰው በግማሽ ሰዓት ውስጥ እህል ካልቀመሰ ይወድቃል። ይህን እሷም ታውቃለች፣ እናቷም ታውቃለች። ሰው ሁለት የእንፋሎት ዳቦ እስኪገዛት ቆይታ ብትመለስ ግን ሾርባው እንደተቀመጠ ነው። ወንበሩ ባዶ ነው። በር ሥር የሚቀመጠው ጥቁር ጫማም የለም።

ስልኳን አየች። አሥራ አንድ ደቂቃ ሄዷል።

የቻይኖች ሰፈር የሆነው ካፖን ጎዳና በዚያ ሰዓት መላወሻ የለውም። ከሥራ የወጣው የሊማ ሰው ሁሉ ራቱን ቆሞ ሊበላ ይመጣል። ኖርማ በክርኗ እየገፋች፣ ስትሰደብ እየተሳደበች፣ የዳክዬ ጠባሹ ኤፍራይን ዘንድ ደረሰች። እናቷ ስትኮርፍ ሁልጊዜ እዚያ ነው የምትሄደው።

"ኤፍራይን፣ እናቴ እዚህ አልመጣችም?"

ኤፍራይን ዳክዬውን በመጥረቢያ እየከተፈ ሳቀ። "ዛሬማ ምን ሊሠሩ ይመጣሉ? እኔን ሊመርቁ?"

"ቀልዱን ተወውና ስማኝ። መርፌዋን ወግቻታለሁ፣ አልበላችም።"

መጥረቢያው ቆመ። "ምንድነው የሰጠሻቸው?"

"ሾርባ ነዋ። የአሳማ አጥንት።"

"አንቺ ሴት፣ ዛሬ እኮ ጨረቃዋ አሥራ አምስት ናት። እኔ ከአያኩቾ ተራራ የወረድኩት ሰውዬ አውቄው፣ አንቺ የሊን ልጅ ጠፋሽ? እናትሽ ዶኛ ሊን ዛሬ ሥጋ የነካውን ማንኪያ እንኳ አይነኩም።"

ባለፈው ወር "ስኳር ያለበት ሰው ምን ጾም አለው፤ የሰጠሁሽን ብዪ" ብላ እናቷን የተቆጣቻት ራሷ ኖርማ ናት። እናቷም ዛሬ ጾም ነው ሳትል ጫማዋን አድርጋ ወጥታለች።

"የቻይኖቹ ማኅበር ቤት ሂጂ" አለ ኤፍራይን። "በአሥራ አምስት እዚያ የጾም ምግብ ያበላሉ። ብቻ ምግብ አብሳያቸው ሳይታመም አልቀረም። ሩጪ።"

ኖርማ ከጎረቤት ጋሪ አንድ ጣፋጭ ዳቦ አንስታ ሮጠች። አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ።

የማኅበሩ አዳራሽ ፓሩሮ ጎዳና ላይ ሦስተኛ ፎቅ ነው። ደረጃው ጠባብ ነው፣ መብራቱም አንዱ ይበራል ሌላው አይበራም። ላይ ስትደርስ የወጥ ቤቱ በር ተቆልፏል። እናቷ መሠዊያው ፊት ያለው አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች። ግንባሯ በላብ ርሷል፤ ጉልበቷ ላይ ያሉት እጆቿ ይንቀጠቀጣሉ።

"እማዬ። እንኪ፣ ጉረሺ።"

"የአሳማ ስብ አለው" አለች እናቷ። ምላሷ ከብዷታል።

"የለውም።"

"ባለጋሪዎቹን ሊጥ ማሸት ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ፣ ኖርማ። ለኔ ነው የምትዋሺው?" ከንፈሯን ገጠመች። ኖርማ ዳቦውን ወደ አፏ ብታስጠጋው ጥርሷን ነከሰች። የዚህች ሴት ጥርስ አንዴ ከተነከሰ በመፈልቀቂያም አይከፈትም።

ኖርማ ዞር ብላ አየች። መሠዊያው ላይ የቻይኖቹ ጠባቂ አምላክ፣ ቀይ ፊት ያለው የሳን አኮን ሐውልት ሰይፉን ይዞ ቆሟል። ፊቱ ለእሱ የቀረበ አምስት ብርቱካን አለ። ወርዳ ሌላ ነገር ልታመጣ ብትል ደረጃው ራሱ ደቂቃዎቹን ይጨርሳል።

"ብርቱካን ልላጥልሽ።"

"የዕጣኑ ጭስ አላለቀም፣ ሳን አኮን ገና እየበላ ነው። እሱ ሳይጠግብ እኔ ልቅደመው?"

"ትሞቺያለሽ እኮ።"

"ጠይቂው እንግዲህ" አለች እናቷ። ዓይኗ ተከደነ።

ኖርማ በዚህ ነገር አምና አታውቅም። ቢሆንም አምላኩ የሚጠየቅባቸውን ሁለት የእንጨት ግማሽ ጨረቃዎች ከመሠዊያው አነሳች። አንዱ በጠፍጣፋ ሆዱ ሌላው በጎባጣ ጀርባው ከወደቀ አዎ ማለት ነው። "በልተህ ጨረስክ?" ብላ ጣለቻቸው። ሁለቱም ጀርባቸውን ሰጧት።

"ገና ነው" አለች እናቷ፣ ድምፁን ብቻ ሰምታ።

እንደገና ጣለች። ሁለቱም በጀርባቸው ተንጋለው ሆዳቸውን አሳዩ።

"እየሳቀብሽ ነው።" ይህን ስትል እናቷ ወደ ጎን ተንሸራተተች። ኖርማ በአንድ እጇ ደግፋ ያዘቻት፣ በሌላው ለሦስተኛ ጊዜ ወረወረች። አንዱ እንጨት እግሯ ሥር በጀርባው ተንጋለለ። ሁለተኛው ነጥሮ መሠዊያው ሥር ጨለማው ውስጥ ገባ።

ኖርማ አላጎነበሰችም።

"በልቷል" አለች። "ጠግቧል። አፍሽን ክፈቺ።"

ከመሠዊያው አንድ ብርቱካን አንስታ በጥርሷ ልጣ አንዷን ክፋይ የእናቷ ከንፈር ላይ ጨመቀችው። ጥርሶቹ ቀስ ብለው ተላቀቁ። ከዚያ ሌላ ክፋይ። ሌላም። ኖርማ የእናቷን ጉንጭ እያየች ትቆጥር ነበር፣ ምን እንደምትቆጥር ግን አታውቅም። ሁለተኛውን ብርቱካን ላጠች። በመጨረሻ የእጆቹ መንቀጥቀጥ ቀነሰ፣ ላቡም ደረቀ።

"አሥራ አምስት መሆኑን ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?"

"ሠላሳ ዓመት ነግሬሻለሁ።" እናቷ ቀና ብላ ተቀመጠች፣ ሻርፏን አስተካከለች፣ ከዚያም ወለሉን አየች። "አንዱ መሠዊያው ሥር ነው የገባው።"

"አዎ።"

"ጎንበስ ብለሽ አላየሽውም።"

"አላየሁም። ካላመንሽኝ ገብተሽ እዪ።"

ዶኛ ሊን ጨለማውን አየች። ከዚያ ልጇን ረጅም ጊዜ አየቻት። በመጨረሻ መዳፏን ወደ ሦስተኛው ብርቱካን ዘረጋች።

"ያንንም ላጪልኝ" አለች።