ለኮራል የሚመች ቦታ

ራስል ሆጋን ወደ ባሕሩ የሚወስደውን መንገድ ዓይኑን ጨፍኖም አይስተውም። ዘንድሮ ግን ረዘመበት። ወትሮ ከጎኑ ተቀምጣ ሻይ ከፔርሙዝ እየቀዳች፣ «ቀስ በል እንጂ፣ ልብሴን አበላሸኸው!» የምትለው ሚስቱ ኮራል በበጋው አርፋለች። ከመኪናው ኋላ ግን የጎልፍ ዱላ የያዙ ሁለት ቦርሳዎች አሁንም ጎን ለጎን ተጋድመዋል። የእሷን ሊያወጣ አንዴ ሁለቴ ከፍቶ ነበር፤ እጁ እምቢ ብሎት መልሶ ዘጋው።

በአገራቸው የንጉሡ ልደት በዓል ሰኞ በሚውልበት በሰኔው ረጅም ዕረፍት፣ ሦስት ባልና ሚስት ዊራ ቤይ በምትባል የባሕር ዳር መንደር አንድ ቤት ተከራይተው መሰንበት የጀመሩት ፀጉራቸው ሳይሸብት ነው። ራስልና ኮራል፣ ኔቪልና ሬይሊን፣ ኪትና ዊልማ። ቅዳሜን የባሕሩን ዳርቻ ሲያዩ ይውላሉ፣ እሑድ ጎልፍ ይጫወታሉ። የእሑዱ ጨዋታ የጥንድ ነው። ባልና ሚስት አንድ ኳስ ይዘው ይገባሉ። አንዱ ይመታል፤ ኳሷ ካረፈችበት ደግሞ ሌላው ይመታል፤ እንዲህ እየተቀባበሉ ጉድጓዱ ውስጥ ያስገቧታል።

ኔቪል ከሳምንት በፊት ደውሎ፣ «አንተ ሰውዬ፣ እንዳትቀር! ያለ አንተ ምን ጨዋታ አለ?» ብሎታል። እሑድ ከማን ጋር እንደሚጫወት ግን አልነገረውም። ራስልም መጠየቅ አፈረ። መንገዱን ሙሉ ሲያብሰለስል የመጣው ይህንኑ ነው፤ ጥንድ የሌለው ሰው በዚህ ጨዋታ ቦታ አለው? ወይስ ይሉኝታ ይዟቸው ነው የጠሩት?

ቅዳሜ ቀኑ ብራ ሆነ፤ ነፋሱ ግን ጆሮ ይቆርጣል። መጀመሪያ የመርከብ መብራት ያለበትን ማማ ወጡ። ኔቪል ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ቀደማቸውና ከላይ ሆኖ ቁልቁል ጮኸ።

«ኪት! ናና እንጂ አንተ ሽማግሌ! ቃሬዛ ይላክልህ?»

«ዝም በል፣ ትንፋሼን ልሰብስብበት!» አለ ኪት፣ ግድግዳውን ተደግፎ።

ከዚያ ዓሣ ነባሪዎች ወደሚታዩበት የእንጨት ሰገነት ሄዱ። በዚህ ወቅት እናቶቹ ሊወልዱ ወደ ዳርቻው ይጠጋሉ። አምስቱም ክንዳቸውን የሰገነቱ አጥር ላይ አስደግፈው ውኃውን ሲቃኙ ቆዩ። ማዕበልና ማዕበል ብቻ።

«ኮራል ብትኖር እስካሁን ሦስት አሳይታን ነበር» አለች ዊልማ። ቃሉ ካመለጣት በኋላ ከንፈሯን ነከሰች።

«ሁለቱ ድንጋይ ይሆኑ ነበር» አለ ራስል።

ሁሉም ሳቁ። ሳቁ ከቀልዱ ረዘመ፤ ራስልም የሳቁት ለቀልዱ እንዳልሆነ ገባው።

ማታ እንደ ልማዳቸው መጠጥ ቤቱ ውስጥ በመስኮቱ በኩል ያለውን ክብ ጠረጴዛ ያዙ። ወንበሮቹ ስድስት ናቸው። አስተናጋጇ መጥታ ስድስተኛውን ያዝ አደረገችና፣ «ሰው አለው?» አለች። አራቱም ራስልን አዩት።

«የለውም፣ ውሰጂው» አለ።

ምግቡ ሲቀርብ ሁሉም ሹካቸውን አንስተው ቀሩ። ከማዕድ በፊት ምስጋና የምታደርሰው ኮራል ነበረች። ሌሎቹ ጸሎት ባያውቁም እሷን መጠበቅ ግን ያውቁበታል፤ ኪት እንኳ በአፉ የያዘውን ድንች ሳያኝክ ይጠብቃት ነበር። ራስል አንገቱን ደፋ። በልቡ ብቻ አመሰገነ። ቀና ሲል ማንም አልበላም ነበር።

እሑድ ጠዋት ኔቪል ከመኝታው እያነከሰ ወጣ።

«የትናንቱ ማማ ገደለኝ። ጉልበቴ አብጧል» አለ። «ሬይሊን፣ አንቺ ዛሬ ከራስል ጋር ተጫወቺ። እኔ የሜዳውን ባለ ሞተር ጋሪ እየነዳሁ እከተላችኋለሁ።»

«የትኛው ጉልበትህ ነው?» አለ ኪት።

«ግራው።»

ከቁርስ በኋላ ወደ መኪናው ሲሄድ የሚያነክሰው በቀኙ ነበር። ራስል አይቶ እንዳላየ ሆነ። ሲጨነቅበት የከረመው ጥያቄ ተመለሰለት፤ ቦታ ተገኝቶለታል። ግን የሌላ ሰው ቦታ ነው።

ሣሩ በጠል ርሶ ነበር። ካንጋሮዎች በሜዳው መሐል ተኝተው፣ የእነሱ መምጣት ሳያስደነግጣቸው ጆሯቸውን ብቻ ያዞራሉ። ሬይሊን ከወንድ ባልተናነሰ ኃይል ትመታለች፤ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ጉድጓዶች እሷና ራስል መሩ። ኔቪል ከጋሪው ላይ ሆኖ ያጨበጭባል።

ወደ አራተኛው ጉድጓድ በሚወስደው መንገድ ላይ ሰፊ ጅረት አለ። ጉልበት ያለው ሰው ጅረቱን አሻግሮ ይመታል። ከጅረቱ ወዲህ በስተቀኝ ግን፣ ከአንዲት አጭር ዛፍ ሥር፣ ምንጣፍ የምታህል ደልዳላ ቦታ አለች። ኮራል ኳስ የሚውጠውን የሜዳውን አሸዋ ትፈራ ነበር፤ ተዳፋት ላይ ስትቆም ደግሞ ትንገዳገዳለች። ራስል በእነዚያ ዓመታት ሁሉ አቅሙ የቻለውን ያህል መትቶ አያውቅም። እሷ ደህና አድርጋ ልትቆም የምትችልበት ድረስ ብቻ ነው የሚመታው። ኪት «ይሄ ሰውዬ ክንዱ ቅቤ ነው» እያለ ሲቀልድበት ኖሯል፤ ራስልም ምክንያቱን ነግሮት አያውቅም። ለኮራልም ቢሆን አልነገራት። ምናልባት ታውቅ ነበር።

ዛሬም እጁ ሳያማክረው ያንኑ አደረገ። ኳሷ በዝግታ ተነስታ፣ ከዛፏ ሥር፣ ደልዳላዋ ቦታ ላይ አረፈች። ራስል ሄዶ ከኳሷ በስተግራ ፈንጠር ብሎ ቆመና መጠበቅ ጀመረ።

ሬይሊን ዱላዋን ይዛ መጣችና ፊቱ ቆመች።

«ራስል፣ የኔ ወንድም፣ ቦታዬን ይዘህብኛል። እዚያ ከቆምክ በዱላው ነው የማገኝህ።»

ዝቅ ብሎ እግሮቹን አየ። የቆመው ከኳሷ በስተቀኝ ለሚቆም ለግራኝ ሰው ቦታ ለቆ ነው።

«ኮራል ግራኝ ነበረች» አለ፣ ለማታውቅ ሰው እንደሚነግር ሁሉ።

«አውቃለሁ» አለች ሬይሊን በቀስታ።

ከኋላ ኪት ጮኸ። «አንተ ሰውዬ! ለማን ነው እዚህ ያስቀመጥክላት? ሬይሊን እኮ ሁለት ጅረት ታሻግራታለች! ለማን...» አለና አፉ ላይ ቀረ። ዊልማ ክንዱን ይዛዋለች። አንድ ወፍ ከዛፏ ላይ ጮኸ።

ራስል ወደ ቀኝ ዞሮ ቆመ። ሬይሊን መታች፤ ኳሷ ጅረቱን ከፍ ብላ አልፋ ከባንዲራው አጠገብ ወደቀች። ግሩም ምት ነበር። ኮራል ብትሆን ግማሹን ቀን ከተዘጋጀች በኋላ ኳሷን ጅረቱ ውስጥ ትከታትና፣ «አንተ ነህ አጠገቤ እየተነፈስክ ያስደነገጥከኝ!» ትለው ነበር። ራስል እዚያው እንደቆመ፣ አምላኩን ሌላ ምንም ሳይሆን ያችን አንዲት ቁጣ ብቻ አንድ ጊዜ እንዲያሰማው ለመነው። ነፋሱ ነፈሰ።

እሱና ሬይሊን አሸነፉ። ሌሎቹ ኬክ ሊገዙ ወደ ጎልፍ ክበቡ ሲገቡ ራስል ጋሪው ላይ ከኔቪል አጠገብ ተቀመጠ።

«ጉልበትህ እንዴት ነው?»

«ይሻለዋል።»

«ግራው ነው ቀኙ?»

ኔቪል ሳቀ፤ አንገቱ ድረስ ቀላ። «እኔ ድሮም ውሸት አያምርብኝም። ሬይሊን ናት ያለችኝ። ብቻውን ዳር ቆሞ እያየሁት አልጫወትም አለች።»

«እግዜር ይስጣት። ግን ኔቭ፣ ብቻዬን እኮ ነኝ። ያንተ ጉልበት ቢያብጥም ቢሻለውም ያው ነኝ። ለከርሞ አንተው ከሚስትህ ጋር ተጫወት።»

«አንተስ?»

«እንጃ» አለ ራስል። እውነቱን ነበር፤ አላወቀም።

ሰኞ ረፋድ ላይ ዕቃቸውን ጭነው የቤቱን ባለቤት፣ ጎረቤት የምትኖረውን ሚስዝ ትሬሎርን፣ ደጅ ላይ ጠበቋት። ቁልፉን ስትረከብ የከርሞውን እዚያው በቃል መያዝ ልማዳቸው ነው።

«እንግዲህ ለከርሞም ያው እንደ ወትሮው ናችሁ?» አለች አሮጊቷ ቁልፉን ኪሷ እየከተተች። «ስድስት?»

ኔቪል ጫማውን አየ። ኪት የመኪናውን ቁልፍ ያቅጨለጭላል። ሬይሊን አንድ ነገር ልትል አፏን ከፍታ ተወችው። ራስል ጓደኞቹን ያውቃቸዋል። እሱ ዝም ካለ ኔቪል «እንደውልልሻለን» ይላል፤ ነገሩ እዚያው ይድበሰበሳል፤ ከዚያ አንድ ዓመት እነሱ እሱን ላለማስቀየም ሳይደውሉ፣ እሱም እነሱን ላለማስቸገር ሲል ይቀራል። እሱ እቀራለሁ ሳይል፣ ማንም አትምጣ ሳይለው።

«አምስት» አለ።

«አምስት? ምነው፣ ማን ልትቀር ነው?»

«ኮራል በበጋው አረፈች፣ እናቴ።»

«ውይ በሞትኩት!» ሚስዝ ትሬሎር እጁን በሁለት እጇ ያዘችው፤ መዳፏ ቀዝቃዛና ሸካራ ነበር። ቆይታ፣ «ታዲያ ላንተ ትንሿን ክፍል ልያዝልህ? ከጓሮ ያለችውን?» አለችው።

«አይ። ያችኑ የኛን፣ ባሕሩን የምታየውን። እነዚህ ከፈቀዱልኝ።»

«ማን ይከለክልሃል!» አለች ሬይሊን ቶሎ ብላ።

«ታዲያ በአምስት ሰው የጥንድ ጨዋታ እንዴት ሊሆን ነው?» አለ ኪት።

«ጋሪዋን እኔ እነዳለሁ» አለ ራስል።

«ይሻላል። አንተ ቢያንስ በየትኛው እግርህ እንደምታነክስ አትረሳም!»

ኔቪል በኮፍያው መታው። ተሳሳቁ፤ ተቃቀፉ፤ ሌሎቹ ሁለት ሁለት ሆነው በየመኪናቸው ገቡ።

ራስል መንገዳቸውን ይዘው ሄደው እስኪሰወሩ ቆመ። ከዚያ የራሱን መኪና ኋላ ከፍቶ ቦርሳውን ከኮራል ቦርሳ አጠገብ አስገባ። የእሷ ተንሸራቶ ስለነበር አቃናው።

ወደ ቤቱ የሚያደርሰው አጭሩ መንገድ በከብት ማሰማሪያው መሐል ወደ ሰሜን ይሄዳል። እሱ ግን በዳርቻው ዞሮ ረጅሙን ያዘ። መሪው በቀኝ ስለሆነ፣ በዚያ በኩል ሲሄዱ ባሕሩ በስተግራ፣ በኮራል ወንበር በኩል ነው። ከኋላው የመጣ መኪና ጥሩንባ ነፋበት። ራስል ጥጉን ይዞ አሳለፈው፤ እሱ ግን ፍጥነት አልጨመረም፤ በመስኮቱ በኩል ለሚመለከት ሰው በሚመች ዝግታ መንዳቱን ቀጠለ።