እንባ ሲገድ

የዳቦ ቤቱ ባለቤት ጉበቱን ታሞ ሲሞት ሚስቱ አላለቀሰችም ተባለ።

እውነቱን ለመናገር ድምፅዋ እስኪዘጋ ጮኻለች። ሬሳው ከቤት ሲወጣም፣ አፈር ሲለብስም ሰው ደግፎ ነው የያዛት። ዓይኗ በርበሬ መስሎ ነበር። ፊቷ ላይ ግን አንዲት ጠብታ አልወረደም። ሰው ደግሞ ጩኸት አይቆጥርም፤ የሚያየው እንባውን ነው። ከኋላዋ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች “ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም” ሲባባሉ በጆሮዋ ሰማች። ከዚያ ወዲህ በሰፈሩ እናት አባቷ ያወጡላት ስም ቀረና “ደረቋ” ሆነች። ድሮም ቁጥብ ስለነበረች፣ ከሰው ጋር ቆማ የማታወራ ስለነበረች፣ ስሙ ልክ ለሷ የተሰፋ ይመስል ተጣበቀባት።

ይህስ ባልከፋ። የሰው አፍ እንደሆነ ክዳን የለውም። የጎዳት አማቷም ያንኑ ማመናቸው ነው።

ሁለቱ አንድ ቤት ነው የሚኖሩት። ከፊት ዳቦ ቤቱ፣ ከኋላ ሁለት ክፍል። እሷ ታቦካለች፣ ትጋግራለች፤ አማቷ ባንኮኒው ጋ ተቀምጠው ይሸጣሉ። ሟቹ ለአንዷ ባል፣ ለሌላዋ አንድ ለናቱ የሆነ ልጅ ነበር። እሱ እያለ ሦስቱም እየተሳሳቁ ነበር የሚውሉት። ከሞተ በኋላ ግን በሁለቱ ሴቶች መካከል የሥራ ቃል ብቻ ቀረ። “ሊጡ ደረሰ?” “ደርሷል።” “ለማታው አንድ ዙር ይበቃል።” “እሺ እማማ።” አማቷ ክፉ ቃል ወጥቷቸው አያውቅም። ዝም ብለው የራሳቸውን ሐዘን ብቻቸውን ያለቅሳሉ፤ እሷ ስትገባ ደግሞ ነጠላቸውን ሳብ አድርገው ዓይናቸውን ይጠርጋሉ፤ ለማትካፈለው ሰው ማሳየቱ ምን ያደርጋል እንደማለት። ይህ ከስድብ ይብሳል።

እሷም ብትሆን ራሷን መጠርጠር ጀምራ ነበር። ሊጡ ላይ ጎንበስ ብላ ሳለ ድንገት ባሏ ትዝ ይላታል፤ ደረቷ ይታፈናል፣ ዓይኗ ግን አሸዋ እንደፈሰሰበት ይቆረቁራታል እንጂ አይረጥብም። “እውነትም ደርቄ ይሆን?” ትላለች ለራሷ። “አልወደው ኖሮ ይሆን?”

ዓይኗን የዱቄት ብናኝ ነው ትላለች። አፏ ሁልጊዜ ይደርቃል፤ የገዛ ዳቦዋን ያለ ውሃ መዋጥ አትችልም፣ ስለዚህ ከሽርጧ ኪስ የውሃ ጠርሙስ አይለይም። ያን የምድጃው ወላፈን ነው ትላለች። ጣቶቿ ጠዋት ጠዋት አልታዘዝ ይላሉ፤ ያን ደግሞ ማቡካቱ ነው ትላለች። ለሁሉም ምክንያት ነበራት።

ምክንያት ያጣችለት ከጆሮዋ ሥር ያበጠውን ነገር ነው። መጀመሪያ እንደ ባቄላ ነበር። እያደር ጉንጯን ገፋ አደረገው። ሻሿን ዝቅ አድርጋ እያሰረች ብዙ ጊዜ ደበቀችው። አንድ ጠዋት ግን ትኩስ ዳቦ የሞላ ትሪ ባንኮኒው ላይ ስታስቀምጥ ሻሹ ሸርተት አለ፤ አማቷም አዩት።

“ይሄ ምንድነው?”

“ጥርሴ ነው እማማ። ያልፋል።”

አማቷ እጃቸውን ዘርግተው እብጠቱን በጣታቸው ዳሰሱት። ከቀብሩ ወዲህ ሲነኳት የመጀመሪያው ነበር።

“ጥርስሽ ጆሮሽ ሥር ነው እንዴ የበቀለው?” አሉ። ቀጥለውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ “ልጄም ‘ያልፋል፣ ያልፋል’ እንዳለ ነው ያለፈው። ሻሽሽን አስተካክዪና ተነሺ” አሏት።

የዚያን ቀን ዳቦ ቤቱ ተዘጋ።

ሆስፒታል ያገኘቻቸው ዶክተር ወጣት ሴት ነበረች፤ ቀስ ብላ ነው የምትናገረው፣ ስትጠይቅም መልሱን ሳትሰማ አትጽፍም። እብጠቱን ካየች በኋላ ስለ ዓይኗ ጠየቀቻት። ስለ አፏ፣ ስለ ጣቶቿ ጠየቀቻት። ማንም ጠይቋት የማያውቀውን ሁሉ። ከዚያ እንደ ክብሪት እንጨት የቀጠነ ወረቀት አወጣችና ከታችኛው የዓይኗ ቆብ ጫፍ ላይ ሰካችላት፤ ዓይኗን ጨፍና ትንሽ እንድትቆይም ነገረቻት። አማቷ ከጥግ ወንበር ላይ ቦርሳቸውን ታቅፈው ያያሉ።

ወረቀቱ እንደገባ ደረቁን ነው የወጣው። ዶክተሯ ለሁለቱም አሳየቻቸው። የሌላ ሰው ዓይን ቢሆን ይህን ጊዜ ከግማሽ በላይ ይርስ ነበር አለች። የሰውነት መከላከያ የሚባለው ነገር በሽታን እንዲዋጋ የተሠራ ቢሆንም አንዳንዴ ተሳስቶ የገዛ አካልን ይወጋል፤ የሷም የእንባና የምራቅ ማመንጫ እጢዎቿን ሲወጋ ቆይቶ አድርቋቸዋል ብላ አስረዳቻቸው።

አማቷ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አደረጉት።

“ይሄ ነገር… አምና፣ ልጄ ሲሞት፣ ያኔም ነበረባት?”

“ከዚያም በፊት የጀመረ ይመስለኛል እማማ።”

“እንግዲያ ማልቀስ አትችልም ማለት ነዋ።”

“ማልቀስማ ትችላለች” አለች ዶክተሯ። “እንባው ነው የማይወርደው።”

ከእብጠቱ ናሙና ተወሰደ፤ ደምም ተቀዳ፤ ውጤቱ ሲደርስ እንዲመለሱ ተነገራቸው። በአውቶቡስ ሲመለሱ አማቷ ፊታቸውን ከመስኮቱ ሳይመልሱ ቤት ደረሱ። እሷም የተናደዱባት መሰላት። ቤት እንደገቡ እጇን የምታሠራበት ነገር ስትፈልግ የዱቄቱን ወንፊት አንስታ ማራገፍ ጀመረች። አማቷ መጥተው ወንፊቱን ከእጇ ተቀበሏትና አስቀመጡት።

“ልጄ” አሏት። እንዲህ ብለው ከጠሯት ዓመት አልፎ ነበር። “አጠገብሽ ተቀምጬ አላየሁሽም።”

ሌላ አልጨመሩም። እሷ ልመልስ ብላ አፏን ስትከፍት ቃሉ ቀርቶ ሌላ ነገር ወጣ። ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፣ ወገቧ ታጠፈ፣ እንደ ሕፃን ሳግ ያዛት። አማቷ ጭንቅላቷን ደረታቸው ላይ አሳረፉት። የሚጠረግ እንባ አልነበረም፤ ቢሆንም አሮጊቷ በመዳፋቸው ጉንጯን ደጋግመው ይጠርጉላት ነበር። የሳቸው እንባ ሻሿን አረጠበው። ባሏን ያን ቀን ነው እንደ ልቧ ያለቀሰችው።

ውጤቱ ሲደርስ ግን ቀላል አልነበረም። እብጠቱ ካንሰር ነው ተባለ፤ ከነጭ የደም ሕዋሳት የሚነሳ፣ ቀስ ብሎ የሚሄድ ዓይነት። ደሟ ውስጥ ደግሞ ጉበት የሚያጠቃ ቫይረስ ተገኘ። ዶክተሯ ባሏ በምን እንደሞተ ስትጠይቅ ሁለቱ ሴቶች ተያዩ።

“ጉበቱን ነው” አሉ አማቷ። “ካንሰር ነው አሉን። ከምን እንደመጣ ግን የነገረን የለም።”

ዶክተሯ ብዙ ጊዜ ወስዳ አስረዳቻቸው። ቫይረሱ ገብቶ ለዓመታት ሲቀመጥ የሰውነት ዘበኞች፣ እነዚያ ነጭ የደም ሕዋሳት፣ አንድ ቀንም አያርፉም። ዘወትር ይጠራሉ፣ ይባዛሉ፣ ይዋጋሉ። በዚህ መሐል አንዳንዱ የገዛ ቤቱን ሰው ጠላት ነው ብሎ ይመታል፤ እንባዋን ያደረቀው ይህ ሊሆን ይችላል። አንዳንዱም መባዛቱን ማቆም ያቅተዋል፤ እብጠቱ ይህ ነው። የባሏም የጉበት ካንሰር ምናልባት ከዚሁ ቫይረስ ሊሆን ይችላል፤ አሁን ግን ማወቅ አይቻልም።

“ውሻው ሌባ ሲጠብቅ አድሮ አድሮ አበደና የቤቱን ሰው ነከሰ በዪኝ” አሉ አማቷ።

“እንደዚያ ነው” አለች ዶክተሯ። ነገር ግን ቫይረሱ ያለበት ሁሉ እንዲህ እንደማይሆን፣ እንዲህ የሆነ ሁሉም ቫይረሱ አለበት ማለት እንዳልሆነ፣ ገና ያልታወቀው ከታወቀው እንደሚበልጥ ሳትደብቅ ነገረቻቸው። ቀጥላም ደግ ወሬ ጨመረች። ለቫይረሱ የሚዋጥ መድኃኒት አለ። በአንዳንድ ሰው ቫይረሱ ሲጠፋ ዘበኞቹ ይረጋጋሉ፤ እብጠቱም አብሮ ይሟሽሻል። በመጀመሪያ ይህን እንሞክር፤ እምቢ ካለ ሌላ ሕክምና አለን አለች።

መድኃኒቱ ተጀመረ። አማቷ ክኒኑን በብርጭቆ ውሃ ይዘው ፊቷ ይቆማሉ፤ ውጣ አፏን ካልከፈተች ንቅንቅ አይሉም። የዓይን ጠብታውንም እኔ ነኝ የማደርግልሽ አሉ። እጃቸው ይንቀጠቀጥ ስለነበር የመጀመሪያው አፍንጫዋ ላይ፣ ሁለተኛው ጆሮዋ ውስጥ ወደቀ። “እማማ፣ የታመመው ዓይኔ ነው እኮ” ስትላቸው ሁለቱም ሳቁ። እያደር ለመዱትና ሳያስቷት ማድረግ ቻሉ። እሷ እብጠቱን በየደቂቃው መንካት ስታበዛ ደግሞ እጇን ቸብ ያደርጓታል። “ሊጥ ነው እንዴ፣ ኩፍ ማለቱን የምታዪው?”

አንድ ጠዋት ከለቀስተኞቹ አንዷ የነበረች ጎረቤት ዳቦ ልትገዛ መጣችና “ደረቋ እንዴት ናት? ታማለች አሉ” አለች። ምራታቸው ምድጃው ጋ ሆና ሰማቻት፤ እጇ ሊጡ ላይ ቆመ።

“ማ?” አሉ አማቷ።

“ምራትዎ ናታ።”

“እዚህ ቤት ደረቅ የሚባል ዳቦ ብቻ ነው፤ እሱም የትናንቱ። ልስጥሽ?”

ሴትየዋ ትኩሱን ገዝታ ሄደች። ከዚያ በኋላ ያን ስም ባንኮኒው ፊት ያነሳ ሰው አልተሰማም።

ይህ ሁሉ ሲሆን አማቷ አንድ ነገር ውስጥ ውስጡን ሲበላቸው ከርሟል። አንድ ከሰዓት ዳቦው አልቆ ትሪዎቹን ሲያጥቡ አወጡት። ከብዙ ዘመን በፊት፣ ልጃቸውና ምራታቸው በተጋቡ በሁለተኛው ዓመት፣ ልጅ የምራታቸው ሆድ ውስጥ ሞቶባት ደሟ ፈሶ ነበር። ያኔ ደም እንደ ዛሬው ተመርምሮ አይሰጥም። ከሞት አፋፍ የመለሷት ከባሏ ክንድ በተቀዳ ደም ነው።

“ያን ጊዜ ደም የሰጠሽ እሱ ነው” አሉ፣ ዓይናቸውን ከትሪው ሳያነሱ።

“አውቃለሁ እማማ።”

“ከሱ መጥቶብሽ ይሆን?”

ጠብ ጠብ የሚለውን ቧንቧ ዘጋችው።

“ይሆናል። ላይሆንም ይችላል። ከመርፌም፣ ከጥርስ መንቀያም ሊመጣ ይችላል ብላለች ዶክተሯ። ከሱ ከሆነ ግን…” ትንሽ አሰበች። “ያን ቀን ባይሰጠኝ ዛሬ የሚታመም ሰው አይኖርም ነበር።”

አሮጊቷ የታጠበውን ትሪ መልሰው ማጠብ ጀመሩ፤ እሷም አልከለከለቻቸውም። በሚቀጥለው ቀጠሮ ራሳቸው እጅጌያቸውን ጠቅልለው እኔም ልመርመር አሉ። ለልጃቸው ያወረሱት እሳቸው እንዳይሆኑ ነበር የሚፈሩት። መርፌው ሲገባ የምራታቸውን እጅ ጨብጠው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ደማቸው ንጹሕ ሆነ። ሲነገራቸው ግን አልፈነጠዙም፤ “እስቲ ይሁን” ብለው ብቻ እጅጌያቸውን ወደ ቦታው መለሱ።

ክኒኑ አልቆ ወራት ካለፉ በኋላ ዶክተሯ ቫይረሱ ከደሟ መጥፋቱን ነገረቻቸው። እብጠቱ መጀመሪያ ለሰለሰ፣ ቀጥሎ አነሰ፤ በመጨረሻው ምርመራ በጣት ተፈልጎ የሚገኝ ሆነ። በየስድስት ወሩ መታየት አለባት፤ ተመልሶ ቢመጣ ቶሎ እንዲያዝ። እንባዋን በተመለከተ ዶክተሯ በባዶ ተስፋ አልሸነገለቻትም፤ የደረቁት እጢዎች ጥቂት ሊያገግሙ ይችሉ ይሆናል፣ እንደ ድሮው ግን አይሆኑም አለች። ጠብታው ይቀጥላል።

ከሆስፒታሉ ወጥተው ፌርማታው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ፀሐዩ ደስ ይል ነበር። አማቷ ከቦርሳቸው ዳቦ አውጥተው ለሁለት ቆረሱና ውሃውንም አቀበሏት። እየበሉ ሳለ እንደ ድንገት ስለ ልጃቸው ልጅነት ማውራት ጀመሩ፤ ከሞተ ወዲህ አድርገውት አያውቁም። ልጅ ሳለ ለጎረቤት ዳቦ እንዲያደርስ ሲልኩት መንገድ ላይ ውስጡን ቦርቡሮ በልቶ ቅርፊቱን ብቻ ያስረክብ ነበር። አንድ ቀን ጎረቤቲቱ ባዶውን ዳቦ ይዛ መጣች። ምን ሆነ ሲባል “አይጥ ነው” አለ። “ታዲያ አይጧ ስትጨርስ ቀዳዳውን በሊጥ ደፍና ነው የሄደችው?” ብለው ቢጠይቁት፣ አሰብ አድርጎ “የኛ ቤት አይጥ ናታ፤ ሙያ አላት” አላቸው።

እሷ የያዘችው ውሃ ትን እስኪላት ሳቀች። ሃያ ምናምን ዓመት አብራው ስትኖር ይህን አልነገራትም። አማቷም ጀርባዋን እየመቱላት ይስቁ ነበር።

አውቶቡሱ መጥቶ ቆመ፤ በሩ ተከፈተ። እሷ ልትነሳ ስትል አማቷ ክንዷን ይዘው አስቀሯት።

“ይሂድ፤ ሌላ ይመጣል” አሉና፣ ልጁ ትምህርት ቤት በገባ በመጀመሪያው ቀን ያደረገውን ሊነግሯት ወደሷ ጠጋ አሉ።