ጀርባው ይቀድማል

አባቴ ልብስ ሰፊ ነው። እኔ ልጁም ተለማማጁም ነኝ፤ ሲቆጣ ተለማማጁ፣ ሲርበው ልጁ።

ድሮ ወታደር ነበር። ስለዚያ ዘመን ሲጠየቅ አፉን በመርፌ የሰፋው ይመስላል። እጁ ሲንቀጠቀጥበት ግን መቀሱን ያስቀምጥና በቅድ ወረቀቱ ላይ፣ ጨርቅ ከመቁረጡ በፊት ልክ በሚስልበት ማለቴ ነው፣ በእርሳስ ሁለት ስንኝ ይጽፋል። ከዚያ እጁ ይረጋና ሥራው ይቀጥላል። እኛም አይተን እንዳላየን እናልፋለን።

ሠርጌ ሲደርስ አዳራሽ አልገባም አለ። ሰው ሲበዛ፣ ፊኛ ሲፈነዳ ቀልቡ ይገፈፋል። ከበረንዳው በመስኮት አይሻለሁ ብሎ ቁርጡን ነገረኝ። እኔ ደግሞ ግትርነቱን ከማን ወረስኩትና! ሦስት ቀን ሙሉ አኮረፍኩት። እሱ እቴ፣ ንቅንቅ አላለም።

የሙሽራዬን ሙሉ ልብስ የሰፋው እሱ ነው። ጠቅልዬ ያደረስኩት እኔ ነኝ፤ በችኮላ የቅድ ወረቀቶቹንም አብሬ ጠቅልያቸው ኖሯል።

የሠርጉ ቀን ከምሳ በኋላ ሙሽራው ይናገር ተባለ። ሙሽራዬ የሒሳብ መምህር ነው፤ ከአራት ቃል በላይ አልጠበቅኩም። ከወንበሩ ሥር እነዚያን ወረቀቶች አውጥቶ ማይክሮፎኑን ሲይዝ ደሜ ፈላ። የአባቴን ገመና በአደባባይ! ከጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጥኩት። አልሰማ አለ።

መጀመሪያ የእጅጌውን ወረቀት አነበበ፤ ቀጥሎ የደረቱን፤ በመጨረሻ የጀርባውን። ግጥሙ «ደጅ ቀረ ሌሊቴ» ብሎ አለቀ። እናቴ ሹካዋን አስቀመጠች።

ያኔ በሩ ተከፈተ። አባቴ በሰው መሀል እየተጋፋ መጣ፤ ፊቱ ቀልቷል። ግጥሙ ስለተነበበበት የተቆጣ መስሎኝ ነበር።

«ልጄ፣ ጀርባው ይቀድማል» አለው ሙሽራዬን። «እጅጌ የሚሰፋው መጨረሻ ነው። ግጥሙን እንዲህ ጨለማ ላይ ትተኸው ትቀመጣለህ እንዴ?»

ወረቀቶቹን ተቀብሎ በስፌታቸው ተራ ደረደራቸውና ራሱ አነበበ።

ጦሩ አበቃ ብለው ሸኙኝ ወደ ቤቴ፣
እግሬ ገባ እንጂ ደጅ ቀረ ሌሊቴ።

ጓዴን ብጠራው ጊዜ አቤት ሳይል ቀረ፣
ጆሮዬ ግን ዛሬም ሲጠብቅ አደረ።

ጓድ የቀበረ እጄ ልጅ አቅፎ ረጋ፣
ለእሷ ስል አመንኩኝ ሌቱ እንደሚነጋ።

መሀል ላይ አንድ ፊኛ ፈንድቶ ነበር። አባቴ ዘለለ፣ ወረቀቱ ከእጁ ወደቀ፣ ሙሽራዬ አነሳለት፣ አባቴም ከተቋረጠበት ቀጠለ። ሲጨርስ ጭብጨባው ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ። እኔ ያ ሁሉ ኩርፊያ ጠፍቶብኝ፣ ቬሎዬ እስኪረጥብ በደስታ አለቀስኩ። እጁን ያረጋሁለት እኔ ነኝ ለካ!

እናቴ ጭብጨባው እስኪበርድ ጠብቃ የዚያን የቀበረውን ጓዱን ስም ጠየቀችው። ሠላሳ ዓመት አብራው ስትኖር አታውቀውም ነበር። አባቴ ስሙን ጮክ ብሎ ጠራ።

«አቤት» አለች እናቴ፣ በሟቹ ፈንታ።

አባቴ አያት፣ አያትና ሳቀ፤ አንጀት የሚያርስ ሳቅ። ከዚያ ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ።