እቴነዎት

1.

«ይግቡ። ይቀመጡ እንጂ።»

እቴነሽ ዞር ብላ ከኋላዋ የገባውን ሰው ፈለገች።

ከኋላዋ ማንም አልነበረም።

2.

ድሬዳዋን ለማያውቅ አንባቢ ይህ ምንም አይደለም። አንድ አዛውንት ፕሮፌሰር አንዲት ዶክተርን በአክብሮት ተቀበሉ፣ አለቀ። ድሬ ላይ ግን አንቱታ ብዙም አይሠራም። ልጅ አባቱን አንተ ይላል፣ ባጃጅ ነጂው ዳኛውን አንተ ይላል፣ ማንም አይቀየምም። ፕሮፌሰር አርጋው ደግሞ ከድሬ ልጆች በላይ የድሬ ልጅ ነው። ተወልዶ ያደገው ቡልጋ ነበር። በጎረምሳነቱ በባቡር መጥቶ እዚያው ቀረ፤ ከቤት ይዞት የመጣውን አንቱታም ባቡሩ ላይ ረስቶት ወረደ። አንድ ጊዜ እሱ የሚሠራበትን የምርምር ማዕከል ሊጎበኙ ከአዲስ አበባ የመጡ ባለሥልጣን ለጥናት የሚረቡት ፍልፈሎች ክፍል በር ላይ ጎንበስ ማለት ቢያቅታቸው፣ «አንተ፣ ራስህን ጠብቅ!» ብሎ አንገታቸውን ይዞ ዝቅ አድርጓቸዋል።

ስለዚህ እኔም በድሬ ወግ «እሱ» እለዋለሁ። አንባቢውም አንተ ነህ፤ ሴት ከሆንሽ አንቺ።

እቴነሽን ከተማሪነቷ ጀምሮ «አንቺ» ሲላት ኖሯል። «አንቺ ነገረኛ» ካላት ደስ ብሎታል ማለት ነው። ስሟ ራሱ ለአንቱታ አይመችም። እቴ ነሽ። ምን ሊላት ነው ታዲያ፣ እቴ ነዎት?

3. ከማስታወቂያው

«የእርጅናን ሥነ ሕይወት ለሚያጠኑ ወጣት ተመራማሪዎች የአምስት ዓመት የምርምር ድጋፍ። ተመራጩ የራሱን ቤተ ሙከራ ያቋቁማል። አመልካቹ ዶክትሬቱን ከያዘ ከአሥር ዓመት በላይ ያልሆነው መሆን አለበት። የአማካሪው የድጋፍ ደብዳቤ በቀጥታ ለድርጅቱ ይላካል፤ አመልካቹ አያየውም።»

እርጅናን ለሚያጠና ሰው የወጣው ማስታወቂያ ያረጀ ሰው አይቀበልም። ይህን የጻፈውን ሰው ባገኘው ሻይ እጋብዘው ነበር። እቴነሽ ዘንድሮ ካላገኘች ለከርሞ ጊዜው ያልፍባታል። የማዕከሉ ኮንትራቷም ሰኔ ላይ ያበቃል። ከዚያ በኋላ የሚጠብቃት አንድ ኮሌጅ ገብቶ ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች የሕዋስን ክፍሎች ሰሌዳ ላይ እየሣሉ መኖር ነው። እሷ ግን ዕድሜዋን የሰጠችው ለአንድ ጥያቄ ነው፦ መላጣ ፍልፈል፣ ያ ፀጉር አልባ የጉድጓድ አይጥ፣ ለምን አያረጅም? መልሱ ጫፍ ላይ ደርሻለሁ ብላ ታምናለች። ማመልከቻዋ ተሟልቷል፤ የቀረው የአርጋው ደብዳቤ ብቻ ነው።

የማታየው ደብዳቤ።

4. እቴነሽ የጠረጠረችባቸው ነገሮች

ሀ) እርስዎ።

ለ) የምርምሯን ርዕስ ጠየቃት፣ ነገረችው። በማግሥቱ ደግሞ ጠየቃት። በዚህኛው ጊዜ ብጣሽ ወረቀት ላይ ጻፈው። ለማን ሊሰጠው ነው?

ሐ) የቢሮዋ ቁልፍ ጠፍቶ እሱ ኪስ ውስጥ ተገኘ። «የእኔ መስሎኝ» አለ።

መ) ከውጭ ለመጡ እንግዶች ሲያስተዋውቃት «ባልደረባችን ናቸው» አለ። ስም የለም። ናቸው!

ሠ) ነጂብ። ዶክተር ነጂብ ማዕከሉን የተቀላቀለው አምና ነው፤ ለዚሁ ድጋፍ አመልክቷል። ጠዋት ጠዋት ፕሮፌሰሩ ቢሮ ይገባል፣ በሩ ይዘጋል። አርጋው በር ዘግቶ አያውቅም ነበር። በድሬ ሙቀት በር የዘጋ ሰው የሚደብቀው ነገር አለው።

ረ) ፍልፈሎቹ ክፍል ብቻውን መግባት ትቷል። በሩ ላይ ቆሞ ሰው እስኪመጣ ይጠብቃል።

(የመጨረሻውን እሷ ሰርዛው ነበር፤ ከሌሎቹ ጋር አልገጥም ስላላት። እኔ መልሼ አስገባሁት። እኔም ጠርጣራ ነኝ።)

5.

መላጣ ፍልፈሎች* አንዲት ንግሥት አለቻቸው። የምትወልደው እሷ ብቻ ናት። ሌሎቹ ይቆፍራሉ፣ ስኳር ድንች ይጎትታሉ፣ የእሷን ልጆች ያሳድጋሉ። እሷ እያለች የእነሱ ሰውነት ለመውለድ አይደርስም። ቀና ቀና የምትል ከተገኘች ንግሥቲቱ በአፍንጫዋ እየገፋች ወደ ኋላ ትመልሳታለች።

እቴነሽ በሞቃቱ ክፍል፣ በቀዩ መብራት ሥር ተቀምጣ ይህን ስታይ ድሮ ያስቃት ነበር። በዚያ ሳምንት ግን አላሳቃትም። የአርጋው ጡረታ ስንቴ ተራዘመ? እሱ እያለ ከዚህ ማዕከል የራሱን ቤተ ሙከራ ይዞ የወጣ ማን አለ? አንድም ሰው ትዝ አላላትም።

«እየገፋኝ ነው» አለች ጮክ ብላ። ንዴት ብቻ አልነበረም። አባቷ የካዳት ያህል አመማት።

* መላጣ ፍልፈል አያረጅም ሲባል አይሞትም ማለት አይደለም። እርጅናው ከውጭ አያስታውቅም ማለት ነው። ትናንት ሲሮጥ ያየኸውን ዛሬ ተኝቶ ታገኘዋለህ፤ ምኑ ቀድሞ እንደደከመ ለማወቅ በጣም ቀርቦ ማየት ያስፈልጋል።

6. ንግግር፣ ከቢሮው ጀርባ፣ ኒም ዛፍ ሥር

(የተቀዳው ከእቴነሽ ትውስታ ስለሆነ ለነጂብ አያዳላም።)

እቴነሽ፦ አንተን ምን ብሎ ነው የሚጠራህ?

ነጂብ፦ ማን፣ ፕሮፍ? «አንተ ልጅ» ነዋ።

እቴነሽ፦ ልጅ!

ነጂብ፦ አቦ ምን አለበት?

እቴነሽ፦ ልጁ አድርጎሃላ። እኔን እርስዎ ነው የሚለኝ።

(ነጂብ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ።)

እቴነሽ፦ በሩን ዘግታችሁ ምንድነው የምትሠሩት?

ነጂብ፦ አልነግርሽም። ቃል አስገብቶኛል። ወላሂ በክፉ አትይው።

እቴነሽ፦ ደብዳቤህን ጻፈልህ?

ነጂብ፦ እኔ ሌላ ሰው አስጻፍኩ። አንቺም ሌላ ሰው ብታስጽፊ ይሻልሻል፣ እቴ።

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር መለስ ብለሽ አንብቢያት። ምክር ናት ወይስ ዛቻ? እቴነሽ ዛቻ ናት አለች። ከሌላ ሰው የመጣ ደብዳቤ እንደማይጠቅማት ሁለቱም ያውቃሉ፤ ከተማሪነቷ ጀምሮ የሠራችው ከአርጋው ጋር ብቻ ነው።

7.

ጠረጠረች።

8. ከተቀየመ አማካሪ ደብዳቤ እንዴት ይጠየቃል

ምሳ በልተሽ ግቢ፤ ባዶ ሆድ ይጮኻል። አንኳኪ፣ ድሮ ሳታንኳኪ ትገቢ የነበረ ቢሆንም። እርስዎ ካለሽ አንቺም እርስዎ በይው፣ በመጣበት መንገድ ይሂድ። የጠፋውን ቁልፍ አታንሺ። ነጂብን አታንሺ። ነጂብን ካነሳሽም አታልቅሺ። ደብዳቤውን ጽፎት እንደሆነ ጠይቂ። ምን ብሎ እንደጻፈው አትጠይቂ።

ፊቱን እይው።

(ይህቺን የመጨረሻዋን እኔ ጨመርኳት። እቴነሽ ፊቱን በደንብ ካየችው ሰንብታለች፤ የምትሰማው ቃሉን ብቻ ነበር።)

9.

የደብዳቤው ማስገቢያ ጊዜ የሚያበቃው በዚያው ዓርብ ነበር። አርጋው ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጧል። ማራገቢያው ጠረጴዛው ላይ የተለጣጠፉትን ብጣሽ ወረቀቶች ያርገበግባቸዋል።

«እርስዎን ላነጋግር ነው የመጣሁት» አለች እቴነሽ፣ «እርስዎ»ን ረገጥ አድርጋ።

ቅር ይለዋል ብላ ጠበቀች። ጭራሽ ፊቱ በራ።

«እንኳን መጡ! ይቺን ነገር ቢጽፉልኝ ብዬ ነው፣ ዓይኔ ታከተኝ። ጠዋት ጠዋት አንድ ልጅ ይረዳኛል። የይለፍ ቃሉን፣ የሰዉን ስም፣ ሁሉን ያስጠናኛል። ዛሬ ጁምዓ ነው ብሎ ሄደ።»

እቴነሽ ስለ ነጂብ ያዘጋጀችው ንግግር ከአፏ ጠፋባት።

«ምንድነው የሚጻፈው?»

«ለአንዲት ተማሪዬ ነው። እቴነሽ ትባላለች።»

ከወንበሩ ቀና ብሎ፣ ከሰው ቤት እንደገባ እንግዳ በትሕትና አያት።

«ያውቋታል?»

10.

 

 

(እዚህ ቦታ ላይ ብዙ ጽፌ ነበር። አጠፋሁት።)

 

 

11.

«አውቃታለሁ» አለች።

ፊቱን አየችው። ከስቷል። ሸሚዙ አንድ ቁልፍ ዘልሎ ተቆልፏል። ጠረጴዛው ላይ ከተለጣጠፉት ወረቀቶች አንዱ የምርምሯ ርዕስ ነው፤ ከሥሩ በሚንቀጠቀጥ ጽሕፈት «የእቴነሽ — እንዳትረሳ» ይላል።

ሰው ሲረሳ መጨረሻ የተማረው ቀድሞ እንደሚሄድ ለተማሪ ስታስተምር ኖራለች። «አንቺ»ን ያስተማረችው ድሬ ነበረች። ድሬ ከውስጡ እየወጣች ነው፤ ከሥሯ የቀረው ቡልጋ ነው፣ የእናቱ ቤት፣ የማያውቁትን ሰው እርስዎ የሚሉበት። እርጅናን አጠናለሁ ስትል የኖረችው እቴነሽ ይህን ሁሉ ቂም አድርጋ ቆጥራዋለች። አፈረች። እንዲህ አፍራ አታውቅም።

ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠችና እጆቿን መጻፊያው ላይ አደረገች።

«ይበሉ» አለችው።

«ይጻፉ። እቴነሽ ነገረኛ ናት።»

«ነገረኛ ልበል?»

«ይበሉ እንጂ! ምርምር ላይ ነገረኛ ያልሆነ ሰው ምን ይሠራል? አንድ ጊዜ በሰው ፊት ውጤትህ ተሳስቷል አለችኝ። ሳምንት ሙሉ አኮረፍኳት። ኋላ ደግሜ ብሠራው እሷ ልክ ናት። ጽሑፉ ሲታተም ስሟን ከስሜ አስቀደምኩት። እሷ እስከ ዛሬ የማተሚያ ቤቱ ስህተት ይመስላታል።»

ስህተት መስሏት ነበር። አስተካክሉልኝ ብላ ደብዳቤ ሁሉ ጽፋለች።

«ይህ ሁሉ ይጻፍ?»

«የማተሚያ ቤቱ ይቅር። እኔ ስወጣ ይህን ሥራ የሚረከብ ሰው ካለ እሷ ናት፤ ከእኔ ትበልጣለች ብለው ይጻፉ።»

ጻፈች። ፊደሎቹ ይደባለቁባት ጀመር፤ እያጠፋች መልሳ ጻፈች።

«ለምን ለራሷ አይነግሯትም?»

«አትመጣማ!» አለ አርጋው። ድምፁ እንደ ልጅ ከፋው። «ድሮ በየቀኑ ትመጣ ነበር። እዚህ፣ እርስዎ የተቀመጡበት ላይ ቁጭ ብላ ስትከራከረኝ ትውላለች። አሁን ጠፋች። አስቀይሜያት ይሆናል። ካገኟት ይንገሩልኝ።»

«እነግራታለሁ።»

«እግዜር ይስጥልኝ።»

12.

ከደብዳቤው ግርጌ ምልክት የሚጠብቅ አንድ ባዶ ሳጥን ቀርቷል።

☐ ይህን ምስክርነት የሰጠሁት እኔ ራሴ መሆኔን፣ አመልካቿንም በቅርብ የማውቃት መሆኔን አረጋግጣለሁ።

ቃሉ በሙሉ የእሱ ነው፣ ጣቶቹ የእሷ። ምልክቱን ካደረገች ደብዳቤው ይሄዳል፤ አመልካቿ የራሷን ምስክርነት በራሷ እጅ ጽፋ ላከች ማለት ነው። ካላደረገች የድጋፉ ነገር ያከትምለታል፣ ሰኔም ይመጣል። ለማዕከሉ ሄዳ እውነቱን ብትናገር አርጋው ይህን ወንበር ሰኞ አያገኘውም፤ ነጂብ ቃሉን የጠበቀው ለዚህ ነበር። አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር ብዬ ልጠይቅሽ አስቤ ተውኩት። ገና አልወሰነችም።

«ምን ይላል?» አለ አርጋው።

አነበበችለት።

«በቅርብ?» ብሎ ሳቀ። ያ የድሮው ሳቁ ነው፣ እሱ አልሄደም። «ከእኔ በላይ ማን ያውቃታል? ምልክቱን ያድርጉበት እንጂ፣ ወይዘሮ…»

ቆመ። ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ወረቀቶች በዓይኑ አሰሳቸው። አላገኘውም።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ስምዎን ማን ልበል?»

13.

«እቴ            »