ሽማግሌ ሲነሣ የሚነሣው ከበሮ

ኦርጋን ተጫዋቹ ፈለቀ አርባ ዓመት ሊሞላው ሁለት ወር ሲቀረው ሽማግሌ ላከ። ቸኮለ የሚለው ይኖር ይሆን? የላከውም ከጅማ ወጣ ብላ ካለችው ሰቃ፣ አባቦራ ዘንድ ነው፤ ልጃቸውን መንበረን እንዲድሩለት። ሽማግሌዎቹ ሁለት ጊዜ ተመላልሰው ያገኙት መልስ አንድ ነው። «ኦርጋን ሲጫወት ሰምቼዋለሁ፤ ሰውየውን ግን አላየሁትም። የወንድ ልጄ ሰርግ ላይ መጥቶ ይጫወት፤ ያኔ አየዋለሁ» አሉ አባቦራ።

ለመታየት እንግዲህ መሰናዳት ነው! ፈለቀ ጅማ፣ በቾ ቦሬ ሰፈር፣ ሬዲዮ ጠጋኝ ጓደኛው ቲጃኒ ዘንድ ሮጠ። ቲጃኒ እህቱ ኩልሱም ከጂዳ ያመጣችለት ኦርጋን ነበረው። ዘመኑ ዘጠና ስድስት ነው፤ ሁለት ኦርጋን ይዞ ሰቃ የገባ ሰው ገና የለም። ቲጃኒ ሁለቱን ሚዲ በሚሉት ገመድ ወዲያና ወዲህ አገናኛቸው። ሁለቱም በቁልፍ የሚነሣ ከበሮ በውስጣቸው አላቸው፤ የፈለቀው ፍጥነቱን ይሰጣል፣ የቲጃኒው ይከተላል። አንዱን ሲያስጀምሩት ሌላውም ይጀምራል፤ አንዱን ሲያቆሙት ሌላውም ይቆማል።

«ወላሂ፣ እንዲህ የሚስማማ ባልና ሚስት አላየሁም» አለ ቲጃኒ።

የሰርጉ ቀን ዳሱ ጢም አለ። ጭፈራው ደርቶ ሳለ አባቦራ ሙሽሮቹን ሊመርቁ ተነሡ። ሽማግሌ ሲነሣ ሙዚቃ ይቆማል፤ ይሄ ለማንም አይነገርም። ከበሮው ጸጥ አለ። አባቦራ እጃቸውን ዘረጉ።

«ልጆቼ፣ ውለዱ፣ ክበ...»

ዱም ታካ ዱም ታካ!

«ማሊ? ምንድን ነው ይሄ? ከበሮው ከእኔ በፊት ይመርቃል እንዴ?»

ዳሱ በሳቅ ፈረሰ። መንበረ እንኳ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። ፈለቀና ቲጃኒ ተደናግጠው ቁልፋቸው ላይ ተረባረቡ፤ ሲጠፋ መልሶ ይነሣል፣ ሲነሣ መልሶ ይጠፋል። እንደምንም ዝም አለ። አባቦራ እጃቸውን እንደገና ዘረጉ፤ «ቤታችሁን ሙሉ...» ዱም ታካ! አሁን የሳቀ ሰው የለም።

«ጥፋቱ የማን ነው?» አሉ አባቦራ።

ፈለቀ ዓይኑን በጨው አጥቦ ጣቱን ቀሰረ። «የእሱ ነው!»

ቲጃኒ ቀና ብሎ አየው። አባቦራም «ምርቃት በሁካታ አይሆንም፤ ሙሽሮቹ ሲወጡ እመርቃለሁ» ብለው ተቀመጡ።

ፈለቀ ተናዶ ገመዱን ነቀለው። ጭፈራው ሲቀጥል ግን፣ ገመድ የለምና፣ የቲጃኒ ከበሮ ቀስ በቀስ ወደ ኋላ ቀረ፤ ጨፋሪው ትከሻው ለአንዱ፣ እግሩ ለሌላው ሆኖ ተደነቃቀፈ። ጉድ ነው! ምሳ ሲቀርብ ሁለቱ ከዳሱ ጀርባ ተገናኙ።

«አንተ፣ አባቦራ ሲነሡ ምን አደረግህ?» አለ ቲጃኒ።

«ምን አደርጋለሁ? ብድግ ብዬ እጅ ነሥቼ ከበሮውን አቆምኩ።»

«እኔ ከተቀመጥኩበት ቀድሜ አቁሜው ነበራ! የእኔ ማቆም በገመዱ ሄዶ ያንተንም አቁሟል። ማስጀመሪያውና ማቆሚያው አንድ ቁልፍ ነው። አንተ የቆመውን ላቁም ብለህ ስትነካው ሁለቱንም አስነሣኻቸው። ቀጥሎ ደግሞ አንተ ስታጠፋው እኔ አስነሣሁት።»

«ይሉኝታችን ነዋ ጉድ የሠራን!» አለ ፈለቀ።

«በገመዱ የሚሄደው ሁለት ነገር ነው፤ ምቱና ትእዛዙ። ምቱ ይለፍ። ጀምር፣ አቁም የሚለው ግን ይታገድ፤ እያንዳንዳችን የራሳችንን እናቁም።» ቲጃኒ ገመዱን መልሶ ሰካ፤ የሁለቱንም ኦርጋን ማስተካከያ ከፍቶ ትእዛዙን ዘጋ። ሞከሩት። ፍጥነቱ አንድ ሆነ፤ አንዱ ሲቆም ሌላው አልቆመም።

ከበሮው ተስተካከለ፤ የፈለቀ ሆድ ግን አልተስተካከለም። ያቺ የቀሰራት ጣት እንደ እሾህ ትወጋው ጀመር። አባቦራ ሙሽሮቹን ሊሸኙ ሲነሡ ሁለቱም የየራሳቸውን አቆሙ። ጸጥ አለ። ፈለቀ ግን አልተቀመጠም፤ እንደቆመ ተናገረ።

«አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ቅድም ቲጃኒን በሐሰት ነው ያሳጣሁት። ከበሮውን ያስነሣችው የእኔ እጅ ናት።» አለቀልኝ፣ መንበረም ቀረች፣ አለ በልቡ።

አባቦራ ትክ ብለው አዩት። ከዚያ ወደ ሙሽሮቹ ዞረው ረዥም ምርቃት መረቁ፤ ውለዱም፣ ክበዱም ሳይቋረጥ ወጣ። አንዳንዱ እንግዳ ከሙሽሮቹ ይልቅ ኦርጋኑን ይሰልላል። ዳሱ «አሜን» አለ።

«ፈለቀ» አሉ አባቦራ፣ እጃቸውን ሳያወርዱ። «ሽማግሌዎችህ ሦስተኛ እንዳይደክሙ ንገራቸው። ሰውየውን አየሁት። መንበረ እሺ ካለች እኔም እሺ ብያለሁ።»

«እኔማ ከከበሮው ቀድሜ እሺ ብያለሁ!» አለች መንበረ ከሴቶቹ መሐል።

እልልታው ዳሱን ሲያናጋው ፈለቀ በደስታ የሚይዝ የሚጨብጠውን አጣና እጁን ቁልፉ ላይ ጣለ። ዱም ታካ! የእሱ ከበሮ ብቻውን ተነሣ፤ ትእዛዙ ታግዷልና በገመዱ ወደ ቲጃኒ የሚያልፍ አልነበረም። ቲጃኒ አንድ አፍታ አየው። ከዚያ ራሱን እየነቀነቀ፣ እየሳቀ፣ ማንም ሳያዘው የራሱን ቁልፍ ተጫነ።