ናዝሬት ደርሶ መልስ

ባሌ ገብረ መድህን ያቺን መኪና የገዛ ዕለት አልቅሻለሁ። ከደስታ እንዳይመስላችሁ፤ ከንዴት ነው። የሰርጌን ሀብል አሽጦኝ ያመጣት መኪና ነጭ ቮልቮ ስቴሽን ዋገን ነበረች፤ ከኋላ ረዘም ያለች፣ የኋላ ወንበሯ ሲታጠፍ ሁለት በግና አንድ ፍራሽ የምትችል። ይኼስ ባልከፋኝ። ነገር ግን የሸጠለት ስዊድናዊ የእንስሳት ሐኪም ቀን ላም ሲያክም ውሎ ማታ መኪናዋን ሲያክም የሚያመሽ ሰው ነበር። ነዳጅ በሚያጠጣት በአንዱ ካርቡራቶር ፈንታ ሁለት ገጥሞ ፈጣን አድርጓታል። ሞላዋን በጠንካራ ቀይሮታል። ማርሚታዋን አስፍቶ ድምፅዋን ጎርናና አድርጎታል። አገሩ ሊገባ ሲል ከአሰላ ሰው ሁሉ መርጦ ለኔው ባል ሸጠለት። ሰው መምረጥ ያውቅበታል።

እኔ ውድነሽ እባላለሁ። ገበያው ዳር ክርና ቁልፍ የምሸጥባት ጠባብ ሱቅ ነበረችኝ። ገብረ መድህን ስዊድኖች ያቋቋሙት የእርሻ ፕሮጀክት ጋራዥ ዕቃ ቤት ኃላፊ ነበር። ረጋ ያለ፣ ዝንብ የማይነካ ሰው ነው፤ መሪ እስኪጨብጥ ድረስ። ሻይ ቤት ከገባ ስለ መኪናዋ እንጂ ስለ ሌላ አያወራም። «አውቶቡሱ ናዝሬት ለመድረስ ብቻ ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጅበታል። እኔ በሁለት ሰዓት ደርሼ እመለሳለሁ!» ይላል፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ። ወሬው ከእሱ ቀድሞ ሱቄ ይደርሳል። በዚያ ጠጠር መንገድ፣ ከብትና አህያ በሚተራመስበት! ጠዋት ጠዋት ሲወጣ በር ላይ ቆሜ «ቀስ ብለህ ንዳ» እለዋለሁ። እሱ ይስቃል፤ ጥርሱ ቆንጆ ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ ይህን ያላልኩበት ጠዋት የለም፣ እሱም የሰማበት ጠዋት የለም።

ያን ጊዜ የምፈራው ገደል ነበር። ሰው ሁሉ ሌላ ሌላ ነገር ሲፈራ እኔ ስለ ገደልና ስለ አህያ አስብ ነበር። ዘመኑ ስድሳ ዘጠኝ አልፎ ሰባ ገብቷል። ልጅ ይወሰዳል፣ አይጠየቅም። ከኛ በላይ ያለችው ጎረቤታችን ልጇ የተወሰደባት ጊዜ ድምፅዋ እንዳይሰማ አፏን በነጠላዋ ይዛ ነው ያለቀሰችው። እኛ ልጅ የለንም፤ ስለዚህ አይመጡብንም ብዬ ራሴን አሳምኜ ነበር። ሞኝነቴን አሁን ሳስበው ያናድደኛል።

በኅዳር ወር አንድ ማክሰኞ ገብረ መድህን አክስቱ ታመዋል ተብሎ ኢተያ ሄደ። ኢተያ በናዝሬት መንገድ ላይ ናት፤ እዚህ ቅርብ ናት። ጠዋት በሁለት ሰዓት ከአሰላ ኬላ ወጣ፤ መድኃኒታቸውን ሰጥቶ፣ ጠላቸውን ቀምሶ፣ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ተመልሶ ገባ። ኬላው ላይ የሚቀመጡት ሽማግሌ የወጣውንም የገባውንም መኪና ታርጋና ሰዓት መዝገብ ላይ ይጽፋሉ። ይኸው ነው የሆነው። ከዚህ ሌላ አንዳች ነገር አልሆነም።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሁለት አብዮት ጠባቂዎች መጥተው ባሌን ከዕቃ ቤቱ ወሰዱት። «ለጥያቄ ትፈለጋለህ» ነው ያሉት። ሱቄን ሳልዘጋ ቀበሌ ድረስ ሮጥኩ። በር ላይ መለሱኝ። አጥሩ ሥር ቁጭ አልኩ፤ መንገድ የሚያልፈው ሰው ሁሉ እንዳላየኝ ሆኖ አለፈ። እኔም ስንቱን እንዲያ አልፌው ነበር።

ሐሙስ ጠዋት የቀበሌው ታይፒስት ተሻለች ሱቄ መጣች። ጥቁር ክር አለች። ክሩን ስቆርጥላት ዓይኗን ከበሩ ሳትነቅል በሹክሹክታ ነገረችኝ። ማክሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ናዝሬት ውስጥ አንድ የቀበሌ ሊቀመንበር በጥይት ተመትቷል። የመቱት ሰዎች ከኋላዋ ረዘም ባለች ነጭ መኪና አመለጡ ተብሏል።

«ገብሬ ኢተያ ነበር! አክስቱ ይመስክሩ» አልኳት።

«አክስት ምስክር አይሆንም፣ እትዬ ውድነሽ። ናዝሬት ኬላ ላይ ታርጋው የለም ሲባልም ኬላውን ዞሮ ነው አሉ። አሁን የያዙት ሰዓቱን ነው። በሁለት ወጥቶ በአራት ከሩብ ገብቷል። ሌላ መኪና በዚህ ሰዓት ናዝሬት ደርሶ አይመለስም። የእናንተዋ ግን ትመለሳለች፣ እሱ ራሱ ሻይ ቤት ሲል ሰምተናል ብለው አሥር ሰው ፈርሟል።» ክሩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። «የአብዮት ጥበቃው ኃላፊ ጓድ ካሣዬ መኪናዋን ነገ ሊሞክራት ነው። ባልሽን ራሱን አስነድቶ። ከአራት ከሩብ በኋላ ከተመለሰች ይለቁታል። ከዚያ በፊት ከተመለሰች ግን...»

ዓይኗን መልሳ በሩ ላይ አደረገች።

«ንገሪልኝ! ቀስ ብለህ ንዳ፣ ነፍስህ ነው በይልኝ!»

«ለእሱ አልነገሩትም። መኪናዋን ለአብዮቱ ሊወስዷት አቅሟን የሚያዩ ነው የመሰለው። እኔ እስረኞቹ ጋ መድረስ አልችልም። ሦስት ልጆች አሉኝ፣ እትዬ ውድነሽ።» የክሩን ሳንቲም አስቀምጣ ወጣች። አልፈርድባትም። በእሷ ቦታ ብሆን ሱቁም ድረስ አልመጣም ነበር።

ቀጥ ብዬ የሄድኩት ወደ አብዶ ነው። አብዶ ከመስጊዱ ጀርባ ጋራዥ ያለው መካኒክ ነው፤ ቮልቮዋን ከስዊድናዊው ጋር የፈታታትም የገጣጠማትም እሱ ነው። ነገሩን ስነግረው እጁን እየጠረገ ቆየ፣ ጨርቁ ከእጁ ይበልጥ እስኪጠቁር። «ያ ረቢ» አለ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ባትሪ ሊያይ የመጣ መስሎ ግቢያችን ገባ። መኪናዋ እዚያው ቆማለች። ቁልፏን ወስደውታል፤ በሯ ግን አልተቆለፈም።

ኮፈኑን ከፍቶ ብዙ አየ። «ጨርሶ አልነሣም ካለች ሆን ብላችሁ አበላሻችሁ ብለው እናንተንም እኔንም ይጨርሱናል» አለኝ። «መሄድ አለባት፣ ግን መሮጥ የለባትም። ሁለት መንገድ አለ፣ እትዬ ውድነሽ። አንደኛው፣ ውኃው ወደ ሞተሩ ውስጥ እንዲገባ አደርጋለሁ። ኢተያ ሳትደርስ ትፈላለች። ሞተሩ ግን አለቀ፣ ወላሂ፣ ሁለተኛ ሰው አይሆንም። ሁለተኛው፣ ሁለቱን ካርቡራቶር የሚያገናኘውን ዘንግ አላላለሁ። በአንዱ ብቻ ትሄዳለች፤ ዳገቱን እንደ አሮጌ አውቶቡስ ነው የምትወጣው። መንገድ ያላላው ነው የሚመስለው፣ የሰው እጅ ነው አይባልም።»

ይህን ጊዜ ነው እንግዲህ። ያቺን መኪና ሁለት ዓመት ሙሉ ስረግማት ኖሬ፣ ሞተሯን ላስፈጅ ስል ገብረ መድህን ቅዳሜ ቅዳሜ በአሮጌ ሸሚዙ ሲወለውላት ታየኝ። ወጥቶ ሞታ ካገኛት ልቡ ይሰበራል ብዬ አሰብኩ። ለልቡ አሰብኩ!

«ዘንጉን አላላው» አልኩት።

ዓርብ ጠዋት ቁርስ ይዤ ቀበሌ ሄድኩ። ጠባቂው ቅመሽው አለኝ፤ ቀመስኩ። ወረቀት ይኖርበታል ብሎ እንጀራውን ገለባበጠው። ወረቀት አልነበረበትም። ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ፤ ቢያዝ ገመዱን በገዛ እጄ ማጥለቄ ነው። ሰሃኑን ተቀብሎ በሩን ዘጋብኝ።

ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል ካሣዬ ባሌን ይዞት ቤታችን መጣ፤ አንድ ጠመንጃ የያዘ ጠባቂ ከኋላቸው። ካሣዬ አስተማሪ የነበረ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ወጣት ነው። ከዚያ ትሕትናው በጥፊ ቢመታኝ እመርጥ ነበር። «እንደምን አደሩ፣ እትዬ» አለኝ አንገቱን ዝቅ አድርጎ። ገብረ መድህን ጢሙ አድጓል፣ ሸሚዙ ተጨማዷል፣ ከዚህ ሌላ ደኅና ነው። እንዲያውም ፊቱ በርቷል።

«ጓድ ገብረ መድህን፣ አብዮቱ ፈጣን መኪና ያስፈልገዋል» አለ ካሣዬ ቁልፉን እየሰጠው። «እስቲ ናዝሬት ደርሰን እንመለስ። ያላትን አቅም ሁሉ አሳየን።»

«ምን ችግር አለ፣ ጓድ! አንተ ብቻ አጥብቀህ ያዝ!»

ወይኔ ባሌ። መኪናዋን ሰጥቶ ነፍሱን ሊገዛ መስሎታል። እንድትወደድለት ነው የሚፈልገው።

አሥር እርምጃ ቢሆን ነው በመካከላችን ያለው። ካሣዬ ያየኛል፣ ጠባቂው ያየኛል። ለባሌ የምነግረው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ እሱንም መንገር የምችለው በለመድኩት ቃል ብቻ ነው።

«ቀስ ብለህ ንዳ» አልኩት።

ሳቀ። «አየሃት፣ ጓድ? ሁለት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት እንዲህ ናት!»

«ገብሬ፣ ዛሬ እንኳን ስማኝ። በእናትህ። ቀስ ብለህ።» ዓይኑን ለመያዝ ሞከርኩ። እሱ ጠቀሰኝ፤ እንደ ሁልጊዜው አንድ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ ጠቀሰኝ። ከዚያ ዞር ስል ካሣዬ ፈገግታው ጠፍቶ አተኩሮ እያየኝ ነው። አንድ ቃል ብጨምር ባሌንም አብዶንም አስበላለሁ። ከመንገዳቸው ዘወር አልኩ።

መኪናዋ ተነሣች፣ ሳለች፣ ተንገዳገደች። ከግቢው ስትወጣ ያ ጎርናና ድምፅዋ የለም። ዳገቱን እያዘገመች ስትወጣ አየኋትና ልቤ በደስታ ዘለለ። ገብረ መድህን አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ኮፈኑን ሲያይ፣ ግንባሩ ሲቋጠር ግን አይቻለሁ። አይቼ ምንም አላሰብኩም።

ዘንቢል አንጠልጥዬ ወደ ኬላው ወጣሁ፤ አውቶቡስ የምትጠብቅ ሴት መስዬ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ሽማግሌው መዝገባቸውን ዘርግተው፣ ያረጀች የጠረጴዛ ሰዓት አጠገቡ አስቀምጠዋል። ከተቀመጥኩበት ትታየኛለች። ባሌ በዘገየ ቁጥር ስንት ቀን በር ላይ ቆሜ «እመቤቴ ማርያም፣ ቶሎ አምጪልኝ» ብያለሁ! አሁን «አዘግይልኝ» እያልኩ ነው። ጎማውን አፈንጂልኝ፣ ከብት መንገድ ላይ አስተኝልኝ፣ ዝናብ አውርጂልኝ። በኅዳር ምን ዝናብ አለ!

ሦስት ሰዓት ሆነ። የገብስ ጭነት የያዘ መኪና አቧራውን እየጎተተ ሲመጣ ብድግ አልኩ። እሱ አይደለም። ሦስት ተኩል ሆነ። አንድ ላንድሮቨር መጣ። እሱም አይደለም። ነጠላዬን አጥብቄ ተከናነብኩ። ሽማግሌው «ልጄ፣ አሞሻል?» አሉኝ። «ብርድ ነው፣ አባባ» አልኳቸው። ሦስት ከአርባ ሆነ፤ መንገዱ ባዶ ነው። ያን ጊዜ ማመን ጀመርኩ። በዚያ አካሄዷ ገና ናዝሬትም አልገባችም አልኩ። ማታ የሚበላውን ሁሉ አሰብኩ፤ ሽሮውን፣ ቅቤውን፣ እግሩን የሚታጠብበትን ውኃ።

ድምፅዋን ነው የሰማሁት፣ ከአቧራዋ በፊት። ያ ጎርናና ድምፅ ከታች ከመታጠፊያው መጣ፤ ሙሉ፣ ጤነኛ። ከዚያ ነጯ መኪና ወጣች፣ በአንድ ትንፋሽ ዳገቱን ጨርሳ ኬላው ገመድ ሥር ቀጥ አለች። ሰዓቱን አየሁ። ሦስት ከሃምሳ አምስት።

ገብረ መድህን ከመኪናዋ ዘሎ ወረደ። እጁ እስከ ክርኑ ጥቁር ዘይት ነው። እንዲህ ደስ ብሎት ያየሁት በሰርጋችን ቀን ብቻ ነው።

«ውድዬ! ምን ሆና እንደነበር ታውቂያለሽ? የካርቡራቶሩ ዘንግ ላልቶ ነው! ጓድ ፊት ልታዋርደኝ ነበር እኮ! ኢተያ ሳንደርስ አቆምኳትና በአምስት ደቂቃ አገኘሁት! ከዚያማ በረረች!»

ካሣዬ በሌላኛው በር ወረደ። አቧራ ቅንድቡን አንጥቶታል። ወደ ሽማግሌው ጠረጴዛ ሄዶ መዝገቡን ወደ ማክሰኞ ገጽ ገለጠና ጣቱን አንድ መስመር ላይ አሳረፈ። ሰዓቱን አየ። ከደረት ኪሱ ማስታወሻውን አውጥቶ ጻፈ። ጠባቂው ከመኪናዋ ወርዶ ከባሌ ኋላ መጥቶ ቆመ።

«ስንት ሆነ፣ ጓድ?» አለው ገብረ መድህን፣ እየሳቀ።

«ሁለት ሰዓት እንኳ አልሞላም» አለ ካሣዬ በዚያ ዝግ ባለ ድምፁ። «ቁልፉን ስጠኝ።»

ባሌ ቁልፉን በሸሚዙ ጫፍ ጠርጎ፣ በሁለት እጁ፣ ጎንበስ ብሎ ሰጠው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«አየሽ?» አለኝ። «ወደዷት።»