ቤት ሲገባ የሚጠፋው ዲስክ

የትናየት ማውሱን ለቃ እጇን አጣመረች። ስክሪኑ ያንኑ ጥያቄ ደግሞ አመጣው፤ ዲስኩ ፎርማት ይደረግ ወይስ ይቅር? ይደረግ ካለች በውስጡ ያለው ሁሉ ይጠፋል። በውስጡ ያለው ደግሞ የእናቷ የወይዘሮ ይርገዱ ድምፅ ነው።

እናቷ ከመካነ ብርሃን ደባርቅ ድረስ በበቅሎ ተሞሽራ የመጣችበትን ቀን እየሳቀች ስታወራ፣ የትናየት በስልኳ ቀድታት ነበር። ስልኩ ዳባት ገበያ ላይ ተሰረቀ። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» የሚለውን ተረት ለተማሪዎቿ ስንት ጊዜ አስተምራለች፤ ለራሷ ግን የተከለችው አንድ ባላ ብቻ ነው፤ ይህን ዲስክ። እሁድ የእናቷ ሙት ዓመት ነው። አባቷ መሪጌታ ሸጋው ሰሞኑን፣ ሰው በሌለበት፣ ወደ እሷ ጠጋ ብለው አንድ ነገር ነግረዋታል።

«ፊቷን አልረሳሁ። ድምጧ ነው እየራቀኝ የመጣ።»

ከዚያ ወዲህ የትናየት እንቅልፍ የላትም። ግራ የገባት ደግሞ ዲስኩ መበላሸቱ ሳይሆን አለመበላሸቱ ነው። እንግዳው በሚባለው የኮምፒውተር ጠጋኝ ሱቅ ውስጥ እሺ ብሎ ይከፈታል፤ ቤት ሲገባ ይጠፋል። ኮምፒውተሯ አሮጌ ሆኖ ከዘመኑ ዲስክ ጋር ስለማይገጥም እንግዳው አንድ ካርድ ጨምሮ አዲስ ድራይቨር ጭኖለታል። ድራይቨር ምን እንደሆነ ስትጠይቀው፣ በደባርቅ ሰው አነጋገር አስረዳት።

«ቱሪስቱንና በቅሎ ነጂውን የሚያግባባው አስጎብኚ በይው፣ ቲቸር። አንቺ ቤት ግን ሁለት አስጎብኚ አለ። አሮጌውና አዲሱ በአንድ ቱሪስት ተጣልተዋል።»

ለምን ቤት ውስጥ ብቻ እንደሚጣሉ ግን እሱም አላወቀም። መጀመሪያ የባጃጁ መንገጫገጭ ነው ተባለ፤ ኮምፒውተሩን ከነዲስኩ በጋቢ ጠቅልላ ጭኗ ላይ አድርጋ አመጣችው። ጠፋ። መብራቱ ነው ተባለ፤ ከጎረቤቷ ከጤናዬ ስታቢላይዘር ተዋሰች። አሁንም ጠፋ። ጤናዬ ስታቢላይዘሩን ስታመጣ ጠበልም ይዛ መጥታ ኖሮ ረጨችበት፤ የትናየት ሽቦው እንዳይነካ በነጠላዋ እየጠረገች አሜን አለች።

ዛሬም ጥያቄውን ሳትመልስ ኮምፒውተሩን አጥፍታ ተሸክማው ሄደች። ሱቅ ሲደርስ ዲስኩ ተከፈተ። ወደ ፍላሽ ሊገለብጡት ሲሉ የከተማው መብራት ሄደ። ቢጠብቁ ቢጠብቁ አልመጣ አለ፤ ተስፋ ቆርጣ ወደ ቤት መለሰችው። ማታውን መብራት ሲመጣ ግን ጉድ ሆነ፤ ዲስኩ ቤት ውስጥ ተከፈተ። የትናየት ስፒከር ልትዋስ ጤናዬ ቤት ሮጠች።

ስትመለስ አባቷ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጠው ነበር። ስክሪኑ ላይ ያ የፎርማት ጥያቄ ቆሟል።

«አባባ፣ ምን ነኩ?»

«ምንም አልነካሁ። ዓመቱን ብቻ ነው ያስተካከልሁ። አጥፍቼ ባበራው ይኸን አመጣ።»

«የምን ዓመት?»

«ከእንግዳው ቤት በመጣ ቁጥር ስምንት ዓመት ወደፊት ሮጦ ነው የሚመጣ። እኔም እመልሰዋለሁ።»

የትናየት ወንበር ስባ ተቀመጠች። ከዚያ ለእንግዳው ደውላ ነገረችው። እንግዳው መጀመሪያ እስኪበቃው ሳቀ።

«አዲሱ ድራይቨር ፊርማ አለው፤ የተፈረመው በፈረንጆቹ ሃያ ሃያ አንድ ነው» አላት። «እኔ ሱቅ ዓመቱን በፈረንጆቹ አስተካክዬ እልከዋለሁ፤ መሪጌታ በእኛ ቆጥረው ሃያ አሥራ ሰባት ነህ አሉት። እሱ ደግሞ ገና ያልተወለደ ሰው ፊርማ አልቀበልም ብሎ አሮጌውን ይጠራል። አሮጌው ያንን ዲስክ አያውቀውም።»

የሰማችውን ለአባቷ አስረዳች። መሪጌታ ሸጋው ቅር እንዳላቸው ያስታውቃል።

«ባሕረ ሐሳብ ያስተማርሁ ሰው ነኝ» አሉ። «በቤቴ ዓመት ሲዛባ ዝም ልል ነው? ደግሞ እሷ ያረፈች በእኛ ዘመን ነው። በዚያኛው ቁጥር መች እንዳረፈች እንኳ አላውቅ።»

የትናየት አዘነችላቸውም፣ ተናደደችባቸውም። ሳምንቱን ሙሉ ጭኗ ላይ ይዛ የተንከራተተችው ለዚህ ነበር።

«አባባ፣ በእኛ ዘመን አቆጣጠር ድምጿ አይከፈትም።»

አባቷ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የቤተ ክርስቲያን ካላንደር አዩ፣ ስክሪኑን አዩ። እጃቸውን ከማውሱ ላይ አነሱ።

«ቀይሪው።»

ቀየረችው፤ አጥፍታም አበራችው። ዲስኩ ተከፈተ። ሌላ ነገር ሳትነካ መጀመሪያ ፍላሽ ላይ ገለበጠችው፤ ከዚያ አጫወተችው። የወይዘሮ ይርገዱ ሳቅ ቤቱን ሞላው።

«… ሸጋውማ ከድንጋጤው የተነሳ በቅሎዋን ትቶ እኔን ሊለጉመኝ ነበር…»

«ውሸቷን ነው» አሉ መሪጌታ፤ ዓይናቸው ግን እንባ ሞልቶ ነበር። ድምፁ እስኪያልቅ አልተንቀሳቀሱም። ሲያልቅ ተነሡና ከመሳቢያው የቁስል ፕላስተር አወጡ። በጥርሳቸው ቆርጠው፣ ስክሪኑ ጥግ ላይ የፈረንጆቹ ዓመት የተጻፈበትን ቦታ ለጥፈው ሸፈኑት። በአውራ ጣታቸው ጫን ጫን አድርገው ወደ ወንበራቸው ተመለሱ።

«በይ፣ እንደገና ክፈችው።»